ወፏ እኔ ነበርሁ

ይህን ለነፍስ አባቴ አልተናገርሁም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ እግራቸው ሥር እቀመጥና ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ስንፍናዬ፣ ጾም ስለ መሻሬ እናገራለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። እናቴም አታውቅም። እርስዎ የማያውቁኝ ሰው ስለሆኑ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

የተማርሁበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ በእግር በሚገባበት ቀበሌ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ሃምሳኛ ዓመቱን አከበረ። እኔ ትምህርቴን ያቆምሁት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ያወቅሁት ብቻዬን አንብቤ ነው። አሁን ከተማው ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። የበዓሉ ኮሚቴ የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንድጽፍ የጠየቀኝ ጥንቁቅ ነው እየተባልሁ ስለምታማ ነው። ዳይሬክተሩ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ "አንተ ካልጻፍኸው ማን ይጻፈው? አንተ እኮ ብሎን እንኳ ከየት እንደ ወጣ ሳታጣራ አትመልስም" ብሎ ሳቀብኝ። እሺ አልሁ። እምቢ ማለት ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ክፍል የአንድ ገበሬ የከብት በረት እንደ ነበር ጻፍሁ። ከብቶቹ ወጥተው፣ ወለሉ በእበት ተለቅልቆ፣ ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ሁለተኛው ቤት የተሠራው በደቦ ነው። የዚያ ቤት በር ከምን እንጨት እንደ ተሠራ ሽማግሌዎቹ አልተስማሙልኝም። አንዱ ባሕር ዛፍ ነው አሉ። ይህን ለሌላው ብነግራቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ "ዋንዛ ነው አልሁህ! ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፣ የምትከራከረኝ አንተ! ያኔ አባትህም አልተዳረ" አሉኝ። ለዚያ በር ብቻ አራት ሰው ቤት ሄጃለሁ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ቃጠሎ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ያቃጠልሁት እኔ ነኝ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። ቤተ መጻሕፍት የምንላት አንዲት ጠባብ የጭቃ ክፍል ነበረች፤ ቅዳሜ ትዘጋለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ይርዳው ግን ማንበብ እንደምወድ አይተው ቅዳሜ ቅዳሜ በድብቅ ያስገቡኝ ነበር። "ግባ። መስኮቱን እንዳትከፍት፤ ዳይሬክተሩ ካየ የሚሰቅለው እኔን ነው። እሳት የሚባል ነገር ደግሞ እንዳላይ" ይሉኛል። በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን አነብ ነበር። ያን ቀን ሰማዩ ዳመነ። ጋሼ ይርዳው በሩን ገርበብ አድርገው ቀብር ሄዱ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጧፍ ለኮስሁና መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አጣበቅሁት። ጧፍ ሲሞቅ ይጎብጣል። ይህን የማያውቅ የእኛ አገር ልጅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር። ጎብጦ በተከመሩት አሮጌ መጻሕፍት ላይ ሲወድቅ ግን አላየሁም፤ እያነበብሁ ነበር። ቀና ስል መደርደሪያው ተያይዟል። ኮቴን አውልቄ መታሁት። እሳቱ የበሩን መንገድ ሲዘጋብኝ መስኮቱን ከፍቼ ዘለልሁ፤ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሮጥሁ።

አልጮኽሁም። እሳት ያየ ሰው እሪ ይላል፤ እሪታ የሰማ ሁሉ ውሃና ቅጠል ይዞ ይሮጣል። ቀብረኛው ከጉብታው ማዶ ነበር። ብጮህ ይሰሙኝ ነበር። አልጮኽሁም። ከጎን ያለው የአንደኛ ክፍል ጣራም አብሮ ሄደ።

ልጅነት ነው ይሉኝ ይሆናል። ይሁን። የምናዘዘው ግን ይህን አይደለም።

በማግስቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪታወቅ አገሩ በአንድነት የሚቀመጥበት ሸንጎ ነው። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱ ደግሞ "ወፍ ነገረችን" ብለው ለጉባኤው ያወጡታል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ደካማው ጉልበተኛውን ሳይፈራ እንዲያጋልጥ የተሠራ ሥርዓት ነው። የላይኛው ክፍል ተማሪዎችም ተራ በተራ ወደ ሽማግሌዎቹ እንድንቀርብ ተደረገ።

እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሼ ይርዳው ሲጠየቁ ስሜን ይጠራሉ። ምን ይከለክላቸዋል? ማንን እንዳስገቡ ያውቃሉ። ስለዚህ ቀደምኋቸው። ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ፣ "ጋሼ ይርዳው ቀብር ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ውስጥ እሳት አንድደው ሲሞቁ አይቻለሁ" አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ከዚያ እሳቸው ተጠሩ።

"ማንን አስገብተህ ነበር?"

"ማንንም።"

"ቁልፉ በማን እጅ ነበር?"

"በኔው።"

"ወፏ እሳት ሲሞቅ አይቼዋለሁ ትላለች።"

ጋሼ ይርዳው፣ "ወፏ ካለች እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ" አሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ክንዳቸውን አቅፈው ነበር፤ አገሩ ቁስሉን የጥፋታቸው ምልክት አድርጎ ተቀበለው። ወደ ተማሪዎቹ አልዞሩም። ወደ እኔ አላዩም። ያን ጊዜ ብነሳስ? አንድ ቃል ብናገርስ? ተቀምጬ ሣር እነጭ ነበር።

ከሥራ ተባረሩ። በመንገድ ሰላም የሚላቸው ጠፋ። አጨዳ ሲደርስ ደቦ የወጣላቸው ሰው አልነበረም። ክረምት ሳይገባ ሚስታቸውን ይዘው ሉማሜ አጠገብ ካለችው እህታቸው ዘንድ ተጠጉ። እኔ ወደ ስምንተኛ ክፍል አለፍሁ።

ታሪኩን ስጽፍ ኮሚቴው "በጥበቃ ቸልተኝነት ተቃጠለ" ይባልልን አለ። እኔ "መነሻው ባልታወቀ ቃጠሎ" ብዬ ጻፍሁ። ስለ በር እንጨት አራት ቤት የዞርሁ ሰው፣ አልታወቀም አልሁ። ደግ የሠራሁም መስሎኝ ነበር። በበዓሉ ቀን ድንኳኑ ፊት ቆሜ አነበብሁት። ተጨበጨበ። የድሮ መምህራን በየስማቸው እየተጠሩ ጋቢ ለበሱ። ቀና ስል ጋሼ ይርዳው ከኋላ ቆመዋል። የቀድሞ ሠራተኞች ተጠርተዋል ሲባል ሰምተው መጥተው ነው። ስማቸውን የጠራ የለም።

ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ጎረምሳ ሆነሃል እኮ! ስሜን በክፉ ሳታነሳ ስላለፍኸኝ እግዜር ይስጥልኝ።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከቀብር ስመለስ ጭሱን አይቼ፣ ልጁ ውስጥ ነው ብዬ ዘው አልሁ። መስኮቱን ክፍት ሳገኘው ነው ነፍሴ የተመለሰች። መጽሐፍ ይተካል የኔ ጌታ። እንኳን አንተ ወጣህ።"

የክንዳቸው ጠባሳ እኔን ፍለጋ የገቡበት ነው። ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋቸው። አላገባህም ወይ አሉኝ። ገና ነው አልሁ። ሚኒባሱ ሲቆም ረዳቱ፣ "ማርቆስ! ማርቆስ! አባት ይግቡ እንጂ፣ እርስዎን ብቻ ነው የምንጠብቅ!" ይላል። "ቆይ አንተ ወጠጤ፣ ልሰናበተው" አሉት። ወደ እኔ ዞሩ።

"ምነው? የምትለኝ ነገር አለ?"

"የለም ጋሼ። በሰላም ይግቡ።"

ገቡ። ሄዱ። እኔ ተመልሼ ሱቄን ከፈትሁ፤ የተሰበረ መስታወት ቀየርሁ።

እሳቸው ይቅር ያሉኝ ቃጠሎውን ነው። በጆሮ የተነገረውን ማን እንደ ተናገረው አያውቁም። በአውጫጭኙ ቀን ልጅ ነበርሁ ልበል። መንገዱ ዳር ስቆም ግን ልጅ አልነበርሁም፤ ጺሜን ተላጭቼ የቆምሁ ሰው ነበርሁ፤ ጠየቁኝ፤ የለም አልሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል አልፈራሁም። አዝኜ ነው እንዳልል አላለቀስሁም። ምንም አልተሰማኝም። ይህን ምን እንደሚሉት አላውቅም።

ይቅርታ አልለምንዎትም፤ የተበደሉት እርስዎ አይደሉም። ይህን መጻፌንም ድፍረት አድርገው አይቁጠሩልኝ። ጋሼ ይርዳው ማንበብ አይችሉም።