ለጨዋታ የተተከሉ ችካሎች

ለጨዋታ ብዬ የተከልኩት ችካል የአንድ ሽማግሌ መሬት ጦም ሊያሳድር ነበር። ትዝ ሲለኝ አሁንም አፍራለሁ።

ነገሩ የመጣው ከደም ግፊቴ ነው። የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ቁጡም ነኝ። ሐኪሙ "ወይ ንዴቱን ይተዉ፣ ወይ በእግርዎ ይሂዱ" አለኝ። ንዴቱን መተው ስለማይሆንልኝ መሄድ መረጥኩ። ያለ ምክንያት ሜዳ ለሜዳ መዞር ግን እብድ ያስመስላል፤ ጂም የሚባለው ደግሞ ከደሞዜ ጋር አይተዋወቅም። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ፈረንጆች ሳህን የመሰለ ፕላስቲክ እየወረወሩ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ሲያስገቡ አየሁ። ዲስክ ጎልፍ ይሉታል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል፣ የቀረው መሄድ ብቻ ነው። "ይቺማ የእኔ ናት!" አልኩ።

ጎረቤቴ ባለሱቁ ሁለት የቀለም ባልዲ ክዳን ሰጠኝ። "ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜ ክዳን ስንወረውር ሰው ቢያየን!" ይላል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ቀድሞኝ ደጅ የሚቆመው እሱ ነው። ቅርጫቱን ከየት እናምጣ? ዘጠኝ ችካል ጠርቤ ጫፋቸውን ቀይ ቀባሁ፣ ቁጥር ጻፍኩባቸውና ከሮቤ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ተከልኳቸው። ክዳኑ ችካሉን ከነካ ገባ እንላለን። መከር አልፎ ሁሉም ባዶ ስለነበር ሦስቱ ችካሎች የታጨደ የገብስ ማሳ ውስጥ አረፉ። ምን ችግር አለው ብዬ ተውኳቸው።

የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ገና ሲያዩን ከተቀመጡበት ይነሳሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው "እንደምን አደራችሁ ጌቶቼ" ይሉናል፣ እርጎ ያመጡልናል። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው አንቱ ሲሉኝ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ልቤ አበጠ፤ መምህር የሚያከብር ሰው አሁንም አለ ብዬ እርጎውን ግጥም አድርጌ እጠጣለሁ። ከችካል እስከ ችካል በእርምጃ እለካለሁ፣ ውርወራችንን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እሳቸው ቆመው ያያሉ።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ጣለ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ጠቆረ፤ የእሳቸው ማሳ ብቻ እንደነበረ ቀረ። አንድ ማለዳ "አባባ፣ ዘንድሮ አያርሱም እንዴ?" አልኳቸው።

"ችካል ከገባበት ወዲያ ምን ይታረሳል?" አሉ ረጋ ብለው። "ማዘጋጃ ቤት የለካው መሬት ላይ ዘር አይበተንም። ለማን ሊሰጡት ነው፣ ጌታዬ?"

ክው አልኩ። ባለሱቁ "አስተግፊሩላህ!" ብሎ ክዳኑን ከእጁ ጣለ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ የጠጣሁት እርጎ ልመና ኖሯል!

"ጨዋታ ነው እኮ፣ አባባ! ጨዋታ!" እያልኩ ጮህኩ፤ የተናደድኩት በራሴ ነበር። አንዱን ችካል ነቅዬ ጉልበቴ ላይ ሰበርኩት። ወደ ሁለተኛው ስሮጥ ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። "ይተዉ፣ አለቃዎ ከሥራ ያባርርዎታል" አሉኝ። መሬታቸውን ወሰደ ላሉት ሰው እንጀራ ነበር የሰጉት። እንባዬ መጣ።

ባለሱቁ በኦሮምኛ አስረዳቸው፤ ክዳኑን ወርውሮም አሳያቸው። ሽማግሌው ክዳኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። "ይህን ሁሉ ሽበት ይዘህ ክዳን ትወረውራለህ?" አሉኝ። አንቱታው በመቅረቱ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጄ አዳማ የቀን ሥራ ላይ ነው" አሉ። "ለእርሻ ልምጣ ሲለኝ፣ መሬታችን ሄዷል፣ የምትመጣበት የለህም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ደውሎ አያውቅም።"

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ከደረት ኪሳቸው ካወጡት የተጣጠፈ ወረቀት ላይ አንብቤ ደወልኩ። ገና ሲነሳ ከእጄ ነጠቁኝ።

"ኮቱ!" ብለው ጮኹ፣ ና ማለታቸው ነው። "ላፍቲ ኬኛ ጂራ! መሬታችን አለ!"

ከዚያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆዩ። "ዘጋው እንዴ?" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እያለቀሰ ነው" አሉኝ።