የፊንጣሱ ቤት ጣሪያ

ይህን እስከ ዛሬ ለእናቴም ሆነ ለጸሎት ኅብረታችን መሪዎች ተናግሬው አላውቅም። እርስዎም ሲያነቡት ጥፋቴን እንዳያሳንሱልኝ እለምንዎታለሁ።

ዓረብ አገር፣ ፊንጣስ በሚባል ሰፈር፣ እህት ዘነበች በተከራየችው ቤት ዓርብ ዓርብ ጠዋት ለጸሎት እንሰበሰብ ነበር። የመታጠቢያ ቤቷ ጣሪያ ከላይኛው ፎቅ በሚወርድ ውሃ አብጦ ልስኑ ይረግፋል። «አረብኛ መጻፍ የምትችዪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እንዲያስጠግንልን ለባለሕንፃው ጻፊና ለሐሪሱ ስጪው።» ጻፍኩ። ጽሕፈቴን አሳምሬ ጻፍኩ። ግን አልሰጠሁም።

ለምን? ሐሪሱን፣ የሕንፃውን ጠባቂ፣ ስለጠረጠርኩ። አቡ ሐሰን የሚባሉ ግብፃዊ ሽማግሌ ነበሩ። በተሰበሰብን ቁጥር ደጃፋችን ላይ ቆመው ጫማ ይቆጥራሉ። «ሃያ ሦስት ጥንድ! ዛሬም ሠርግ ነው? እኔን የሚጠራኝ የለም?» እያሉ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ጫማ የሚቆጥር ሰው ለማን ብሎ ይቆጥራል? በጥገና ሰበብ ገብተው ከበሮውንና መጽሐፍ ቅዱሱን አይተው ቢያስባርሩንስ? ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ ሸሸግሁት።

«ሰጠሻቸው?» አለችኝ እህት ዘነበች።

«አዎ፣ በእጃቸው።»

«ተባረኪ፣ የኔ ልጅ።»

ያቺን «ተባረኪ» ወደድኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ጣሪያው ተደርምሶ የእህት ዘነበችን ትከሻ ሰበረው። በሰው ቤት ጽዳት የምትተዳደር ሴት ክንዷን ማንሳት አቃታት። ባለሕንፃው መጥቶ «ማንም አልነገረኝም» ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ውሸቴን ደገምኩት፤ ለሐሪሱ ሰጥቻለሁ አልኩ። እሷን የምረዳ መስሎኝ ነበር? ወይስ ራሴን ነበር ያዳንኩት? ባለሕንፃው «እንግዲያው ጥፋቱ የሐሪሱ ነው» ብሎ አቡ ሐሰንን አባረረ። ለእህት ዘነበች ሕክምና ግን እጁን አልዘረጋም።

አቡ ሐሰን ሻንጣቸውን ይዘው ደረጃው ሥር ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ወረቀቱን መቼ ነው የሰጠሽኝ? አረጀሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል እንዴ?»

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ዓይናቸው ውስጥ ስንጥር ፈለግሁ፤ የለም። እኔ እሳቸውን ስጠረጥር እሳቸው ራሳቸውን ይጠረጥራሉ።

«ረስተውት ይሆናል፣ አባባ» አልኳቸው።

ይህን አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ ሕግ እማራለሁ። አስተማሪያችን ስለ ባለንብረት ኃላፊነት ሲያስረዱ «መጀመሪያ ምን እንጠይቃለን?» አሉ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ባለንብረቱ ተነግሮት ነበር ወይ? ሁልጊዜ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ያን ቀን አላወጣሁም።

ወረቀቱ ዛሬም ደብተሬ ውስጥ አለ። ይህን ስጽፍም ራሴን እጠረጥራለሁ፤ ደግሞ «ተባረኪ» ልባል ብዬ ይሆን? እባክዎ አይበሉኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም። ሽማግሌው ያሉበትን ባላውቅም ቃሌ ለእሳቸው ነው።

አቡ ሐሰን፣ አልረሱም። እኔ አልሰጠሁዎትም።