አባቴ ከውርጭ ያተረፈው በሶብላ

ሰው የጥቅምት ሰማይ ጥርት ሲል ደስ ይለዋል። እኔ ግን እዚህ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ማታ ደመናው ጠፍቶ ብርዱ አፍንጫዬን ቆንጠጥ ሲያደርገኝ ዛሬም ሆዴ ባር ባር ይላል። የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ የምጠብቀው አዝመራ የለኝም። ሆድ ግን ይህን የት ያውቃል?

እናቴ የስማዳ ቆላ ልጅ ነበረች። ደጋ ጋይንት ተድራ ስትመጣ በሶብላዋን አልተወችም፤ ከማድቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ የማይለየው የጭቃ ግድግዳ ሥር ትዘራው ነበር። ለሽሮና ለበርበሬ የሚሆን አናጣም፤ ዘር ግን አይዝም፤ ፍሬው ሳይጠቁር ውርጭ ይቀድመዋል። ስለዚህ አያቴ ዘሩን በየዓመቱ ከቆላ ትልክላት ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አያቴ በመስከረም አረፈች። ጓሯችን ውስጥ የቆመው በሶብላ ከእጇ የመጣ የመጨረሻው ዘር ሆነ። እናቴ ለአርባዋ ተዝካር ስትነሳ እጄን ይዛ ጓሮ ወሰደችኝ። "ዘንድሮስ ዘር መያዝ አለበት። ማታ ማታ ቅርጫት ድፊበት፣ ጧት ግለጭለት። አደራ፣ የኔ እናት።"

ሲፈጥረኝ ስጉ ነኝ። ጧት ቅርጫቱን ስገልጥ ሽታው ሞቅ ብሎ ፊቴን ሲመታኝ ነው ተመስገን የምል። አበባው ረግፎ ዛላው መሙላት ጀምሮ ነበር። ፍሬውን በጥፍሬ አውጥቼ አየዋለሁ፤ ገና ነጭ ነው።

አንድ ቀን እናቴ በአባቴ ስልክ ደወለች። "የእናቴ ጓሮ የሚያጠጣው አጥቶ ደርቋል። ያስቀመጠችውንም ዘር አይጥ ፈጅቶታል። የቀረኝ ያ ብቻ ነው" አለችኝ። ቀጥላ "ለአባትሽ ስጭው" አለችና እሱን "ውርጭ እንዳይበላብኝ፣ አደራዎን" ስትለው ሰማሁ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን ከሩቅ በሶብላ በሶብላ ይሸታል። ክው አልሁ። እንዲያ የሚሸተው ሲቆረጥ ነው። አባቴ ማጭዱን ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ቆሟል።

"ሰማዩን አየሽው? ዛሬ ውርጭ ይጥላል። እንኳን ደረስሁለት!" አለኝ።

ገብስ አብቃይ ነው፤ ውርጭ ሊጥል ሲል የቆመውን ከማጨድ በቀር ሌላ መላ አያውቅም። የበሶብላ ነገር ደግሞ የሴቶች ጓዳ ስለሆነ፣ ዘሩ እስኪጠቁር መቆየት እንዳለበት የነገረው አልነበረም። ከሥሩ አጭዶ፣ በየእስሩ አስሮ፣ ማገሩ ላይ ሰቅሎታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የፈራሁት ውርጭ ግን ያን ሳምንት ጭራሽ አልጣለም። እናቴ እስክትመለስ እህል አልወርድ አለኝ። ትጮኻለች፣ ይጣላሉ፣ ጥላው ወደ ቆላ ትመለሳለች፤ ያላሰብሁት ክፉ የለም።

ቅዳሜ ከነሐዘን ልብሷ ገባች። ገና ከበሩ ሽታው ሲቀበላት ቀና ብላ ማገሩን አየች።

"አንዲት ቅጠል አልጎደለችብሽም!" አላት አባቴ።

እስሮቹን አንድ በአንድ እያወረደች ዛላውን በመዳፏ ፈተገችው። መዳፏን ወደ ብርሃን ዘርግታ ገለባውን እፍ አለችበት። አንድም ጥቁር ፍሬ አልነበረም። እኔ ፊቷን አያለሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችው ቀስ ብላ። "አንቱ ባይደርሱለት ውርጭ በልቶት ነበር።"

ማድቤት ተከትያት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታለቅስ ነበር። "አባትሽ እንዳይሰማ" አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስሁ።

ያ በሶብላ ፋሲካ ሳይደርስ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከአርብ ገበያ ትገዛ ነበር። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ሽሮ በቀረበለት ቁጥር አሽትቶ፣ "ያች ያተረፍኋት ናት አይደል? እስከዛሬ አላለቀችም?" ይላታል።

"የት ታልቃለች" ትለዋለች፣ ወጡን እየጨመረችለት።