ያለ ለቅሶ የተተከለ ድንኳን

እኔ ቁጡ ነኝ። በጤና ጣቢያችን ይህን የማያውቅ የለም። የምሠራው ደባርቅ ዳርቻ ላይ ባለች ጤና ጣቢያ አስተዳደር ውስጥ ነው፤ ውሃ ሲቋረጥ፣ መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው እኔ ላይ ነው፤ ያጠፋሁት ይመስል። ስለዚህ «የሥራ ቀጣይነትና የቀውስ አመራር» የሚባል ስልጠና ጎንደር ላይ ተዘጋጅቷል ሲባል፣ ኃላፊያችን ተናግሮ ሳይጨርስ ነው እሺ ያልኩት። ቢያንስ ለጥቂት ቀን መብራት አምጪ የሚለኝ አይኖርም።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። የሚያስተምረን ነገር ሲጠቀለል ይህ ነው፦ ክፉ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ድርጅት ግን ክፉው ቀን መጥቶም ዋና ሥራውን ሳያቋርጥ መቀጠል አለበት። መብራት ቢጠፋ በምን ትሠራላችሁ? መንገድ ቢዘጋ መድኃኒት በየት ይገባል? ስልክ ባይሠራ ሠራተኛውን በምን ትጠሩታላችሁ? ከሰሜን በኩል የመጣነው እርስ በርስ ተያይተን ፈገግ አልን። እሱ «ቢሆንስ» እያለ የሚጠይቀን ለእኛ የዘወትር ኑሯችን ነው። ቢሆንም ትምህርቱን ወደድኩት። ስመለስ ሚኒባሱ ኮሶዬን አልፎ ጉም ውስጥ ሲገባ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጸሎት ላይ እያለ፣ እኔ ዕቅዱን በልቤ እጽፍ ነበር።

እንደደረስኩ ኮሚቴ አቋቋምን፤ ኃላፊው፣ አዋላጅ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና እኔ። ሁሉም ነገር ሄደልን፤ ስልኩ ላይ ስንደርስ ግን ተገተርን። ኔትወርክ ከሌለ፣ በእረፍት ቀን፣ ከተማው ውስጥ ተበትኖ ያለውን ሠራተኛ ማን ይሰበስበዋል? ሞተር ሳይክላችን ከተበላሸ ቆይቷል። ያኔ ፋርማሲስቱ «ጡሩምባስ?» አለ። የሰፈሩን ዕድር ጡሩምባ ማለቱ ነው፤ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ የሚያሰማውን። እሱን የማይሰማ የለም፤ ሰምቶ የሚቀርም የለም። ለሞት ረዘም አድርጎ ነው የሚነፋው፤ ለእኛ አጭር አጭር አድርጎ ቢነፋልን ሠራተኛው ይለየዋል ተባባልን። ኮሚቴው አጨበጨበ። የዕድሩ ሰብሳቢ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡኝና «ነፍስ ለማዳን ከሆነ ይሁን ልጄ» አሉኝ።

አሠልጣኙ በስልክ ዕቅዳችንን አመሰገነና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ተለማምዳችሁታል?» ልምምድ ያልተደረገበት ዕቅድ ከወረቀት አያልፍም፤ አንድ ቀን ጡሩምባውን አስነፉና ሠራተኛው እንዴት እንደሚሰበሰብ እዩ አለኝ። ይህን ለኮሚቴው ስነግር አዋላጇ አማተበች። «ሰው ሳይሞት ጡሩምባ? ሟርት ነው! እኔ የለሁበትም።» ኃላፊያችን፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው፣ «እሱስ ልክ ናት» ብሎ መስኮት መስኮት ማየት ጀመረ። እኔም ልከራከር አፌን ከፍቼ ደባት ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝ። በከንቱ ጡሩምባ አስነፋሁ ብላት ዳግመኛ ልጄ ብላ የምትጠራኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ ስለ ልምምድ በሚጠይቀው ቦታ «ጊዜው ሲደርስ ይታያል» ብለን ጻፍንና አጸደቅነው።

በግቢያችን ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ከሩቅ ገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እዚያ ይሰነብታሉ፤ ምጥ ይዟቸው በቃሬዛ ዳገት ቁልቁለት ከሚንገላቱ ቀድመው አጠገባችን ቢሆኑ ይሻላል ተብሎ። ያን ጊዜ ከነበሩት አንዷ ከወደ ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲህ ካለ መንደር፣ ከአማቷ ጋር በበቅሎ የመጣች ሴት ነበረች። ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ ሁለተኛው የሞተባት ወደ ሕክምና ሲወስዷት፣ ቃሬዛው ላይ እንዳለች ነው። ወደ እኛ እንድትመጣ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታለች። መጥታም አላመነችንም። ጓዟን ሳትፈታ አልጋው ሥር አስቀምጣ፣ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ታያለች። የእሷ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ይህቺ ሴት ልጇን በሕይወት ታቅፋ ካልሄደች የዕቅዴ ጥቅሙ አልታይ አለኝ።

ግንቦት ሲያልቅ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ንፋሱ ከበረዶ ጋር መጣ። የማቆያ ቤቱን ቆርቆሮ ከነማገሩ ነቅሎ ከአጥር ወዲያ ማሳ ላይ ጣለው። መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተነካም። እኔ ያልጨረስኩት ሥራ ነበረኝና ቢሮ ነበርኩ። ተረኛዋ አዋላጅ ማዋለጃ ክፍል ናት፤ ከነፍሰ ጡሮቹ አንዷ ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ይዟት እዚያ ገብታለች። የቀሩትን ከዘበኛው ጋር ሆነን ከውሃ ውስጥ አወጣንና የተመላላሽ ሕክምናው ኮሪደር ላይ አስቀመጥናቸው። ፍራሹ ርሷል፣ ብርድ ልብሱ ርሷል፣ ማገዶው ርሷል። ያኔ ዕቅዴ ትዝ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ዘበኛውን «ሩጥ፣ ጡሩምባ አስነፋ!» አልኩት።

ጡሩምባ ነፊው ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፤ እንደተባለው አጭር አጭር አድርጎ ነው የነፋው። ግን ምን ያደርጋል፣ ሰው ከጡሩምባ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአጭርና የረጅሙን ነገር የምናውቀው እኛው ብቻ ነበርን። ጡሩምባው ወደ ግቢያችን እየቀረበ ሲመጣ መጀመሪያ የሰሙት ኮሪደሩ ላይ ተኮራምተው የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። የጃናሞራዋ ሴት አማት ብድግ አሉ።

«ያች ልጅ ሞተች» አሉ፤ ከጠዋት ማዋለጃ የገባችውን ማለታቸው ነው።

«አልሞተችም እማማ! እኔ ነኝ ያስነፋሁት፤ ሠራተኛ ለመጥራት ብዬ ነው።»

«ሰው ሳይሞት ጡሩምባ ያስነፋሽ? ምነው ልጄ፣ ገጠሬ ብንሆን ይኸ ይጠፋናል? ደብቃችሁን ነው እንጂ!»

ምራታቸው ጓዟን አነሣች። እጇን ይዤ ማዋለጃው በር ድረስ ወሰድኳትና ጆሮሽን አስጠጊ አልኳት። ከውስጥ ያቺ ምጥ የያዛት ሴት ባሏን ከነዘር ማንዘሩ ስትረግም ይሰማል፤ ደህና አድርጋ ነው የምትረግመው። የጃናሞራዋ ሴት ለአፍታ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወዲያው ግን ፊቷ መልሶ ጠቆረ።

«ይሁን፣ እሷስ አለች። ጣሪያችሁ ግን ሸሸ፤ ጡሩምባችሁም ዋሸ። ምናችሁን ልመን እቴ? መሞቴ ካልቀረ በቤቴ ልሙት።»

በዚያ ሆዷ፣ በዚያ ጭቃ፣ ያን መንገድ ብትጀምረው ምን እንደሚጠብቃት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እንባዬ መጣ፤ በንዴት ይሁን በፍርሃት አልለየሁትም። እሷና አማቷ ተያይዘው ወደ ግቢው በር ሄዱ፤ እኔ እየለመንኩ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው።

በሩ ላይ ከዕድሩ ጋር ተገጣጠምን። ከሠራተኞቻችን ጥቂቶቹ በመካከል አሉ፤ የመጣው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ይመጣሉ፤ ወንዶቹ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ትልልቁን ብረት ድስት ከዕድሩ ዕቃ ቤት አውጥተው ተሸክመዋል። ለፍትሐቱ ብለው አንድ ቄስም መስቀላቸውን ይዘው መጥተዋል። ሰብሳቢው ከፊት ናቸው።

«ማን ነው የሞተው?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም ጋሼ። ጣሪያው ነው የሄደው። ያኔ የነገርኩዎት የዕቅዱ ነገር ነው...»

ለቅሶው ባንድ ጊዜ ቆመ። ከሁሉም አምርረው ያለቅሱ የነበሩ አንዲት አሮጊት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ታዲያ እኔ እስካሁን የማንን ነው የማለቅሰው?» አሉ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ የግቢው በር በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም።

«ይሁን ብያለሁ፤ እንዲህ መስሎኝ ግን አልነበረም» አሉኝ። ቀጥለው ጣሪያ የሌለውን ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ የሚንቀጠቀጡትንም ሴቶች አዩ። ድንኳኑን የተሸከሙት ወንዶች ይመለሱ ይቁሙ ጨንቋቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ «እዚሁ ብንተክለውስ?» አለ። ወዲያው ክርክሩ ጦፈ። የለቅሶ ድንኳን እንዴት ተደርጎ ነፍሰ ጡር ላይ ይተከላል? የዕድሩ ደንብስ ድንኳኑ ለሞት ብቻ ነው የሚወጣው አይልም? ሴቶቹ ባንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን፣ በረዶው እግራቸው ሥር እየቀለጠ ይከራከራሉ። ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። ቄሱ ቀደሙኝ።

«ድንኳኑ ምን አደረገ? ሞትን ያመጣው እሱ ነው?» አሉ። ውሃ አስቀዱ፤ ጸልየው ባረኩት፤ ሸራውንም ምሰሶውንም ጠበል ረጩት። አማትየዋ፣ ያን ያህል የተቆጡት፣ ጠጋ ብለው መስቀል ተሳለሙ። ሰብሳቢውም ወደ ወንዶቹ ዞር አሉና «ትከሉ» አሉ።

ድንኳኑ ማዋለጃው ክፍል አጠገብ ሲወጠር የጃናሞራዋ ሴት ጓዟን እንዳቀፈች ትመለከት ነበር። አልሄደችም፤ አልገባችምም። ያችው አልቃሽ አሮጊት አግዳሚ አስመጥተው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ደረቡላት።

«ለማን ብለው ነው ያን ያህል ያለቀሱት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ለሞተው ነዋ።»

«ማን እንደሆነ ሳያውቁ?»

«ካወቁት ወዲያማ ማንስ አያለቅስ ልጄ። ከዚህ የምትተኙት የሩቅ አገር ሰው ናችሁ። እዚህ ዘመድ የላቸውም፣ አልቃሽ እንዳያጡ ብዬ ነው ፈጥኜ የመጣሁ።»

ሴትዮዋ መንገዱን አየች፣ አሮጊቷን አየች። ከዚያ ጓዟን ጭኗ ላይ አድርጋ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና ደረቅ ነጠላ አወጣች። ከመጣች ጀምሮ ጓዟን ስትፈታ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በራሱ ተራመደ። ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች አጥሚት አፈሉ፤ ከየቤታቸው ደረቅ ብርድ ልብስና ማገዶ አመጡ። ያቺ ተራጋሚዋ ሴት ሳይመሽ ወንድ ልጅ ተገላገለች። በማግስቱ ወንዶቹ ቆርቆሮውን ከማሳው ላይ እየለቀሙ አቃኑት፤ ጣሪያው እስኪመለስ ድረስ ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ሰነበቱ። የጃናሞራዋ ሴት ምጧ የመጣው እዚያው እያለች ነው። ከአልጋዋ እስከ ማዋለጃው ያለውን አጭር መንገድ በእግሯ ሄደች፤ አሮጊቷ በአንድ በኩል፣ አማቷ በሌላ በኩል ደግፈዋት። ሴት ልጅ ወለደች። የልጅቷን ለቅሶ ስሰማ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ የአማቷ እልልታ ደባት ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም።

ለአሠልጣኙ የሆነውን ሁሉ በስልክ ስነግረው ከሳቁ ሲመለስ «እንግዲህ ዕቅዱ ሠርቷል ብለሽ ነው የምትጽፊው፣ አልሠራም ብለሽ?» አለኝ። ጡሩምባውን ከዕቅዱ አወጣነው፤ በምትኩ ዕድሩን ራሱን አስገባነው። ሰብሳቢው አሁን የኮሚቴያችን አባል ናቸው፤ ሁልጊዜ አርፍደው ይመጣሉ፣ ፊደላችንን ያርማሉ፣ እኔን ደግሞ ቁጣሽን ቀንሺ ይሉኛል። ደንባቸውንም አሻሽለዋል፤ ድንኳኑ ለነፍሰ ጡርም ይወጣል።

ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት በበቅሎ መጣች፤ ባሏ ይስባል። ከወደ ጃናሞራ ናት። ማን ላከሽ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«የለም፣ ጎረቤቴ ናት» አለችኝ። «ሂጂ፣ ሰው ሳይሞትም ድንኳን የሚተክሉልሽ ሰዎች አሉ አለችኝ።»

ከበቅሎዋ አወረድናት። ባሏ በቅሎዋን ከአጥሩ ሊያስር ሲል አየችው።

«አንተ ተመለስ፣ አጨዳው እንዳያልፍህ» አለችው።

«በቅሎዋንስ? ለክፉም ለደጉም እዚሁ ትቁምልሽ እንጂ።»

«ይዘሃት ሂድ፤ ምን ታደርግልኛለች» አለችውና ጓዟን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ማቆያ ቤቱ ገባች።