አባባ ለምን እንደተነሡ

ውጭ አገር፣ ኦኔ በምትባል ከተማ ባለው ሕንፃችን ምድር ቤት የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን፤ ስብሰባውን የመሩት ጋሽ ተስፋዬ፣ ሐያት፣ ዮናስ፣ ዘግይተው የገቡት እትዬ አልማዝ፣ እኔ፣ እና ባለፈው ወር ያረፉት የእናቴ አጎት፣ አባባ የምንላቸው።

የተነጋገርነው ከሕንፃው ፊት ያለው የመኪና ማቆሚያ ፈርሶ ዛፍ ይተከልበት በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ለኮሚዩኑ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ላናቀርበው ተስማምተን ነበር። አባባ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት መስኮት ላይ ሆነው፣ "ይሄ አስፋልት ጋገረን እኮ!" ሲሉ ነው የከረሙት። ግን የምትረዳቸው ነርስ መኪናዋን የምታቆመውም እዚያው ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ "የሚቃወም ይነሣ" አሉ። አባባ ተነሡ። ዞር ስል እትዬ አልማዝ በክራንች ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። አባባ ሰው ሲገባ ተቀምጠው አያውቁም፤ ትራም ውስጥ እንኳ ለማያውቁት ሰው ብድግ ይሉ ነበር።

"ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ!" አሉ እትዬ አልማዝ።

ጋሽ ተስፋዬ ግን "በቃ፣ ቀረ" ብለው ወረቀታቸውን አጣጠፉ።

ደረጃው ላይ "አባባ፣ ተቃውመው ነው?" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ! ተነሣሁ፣ ተነሣሁ" ብለው ሳቁ። ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ሰው ሲገባ ሁላችንም ቁጭ እንዳልን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዛፉ እንደገና እንሰበሰባለን፤ የአባባን ሐሳብ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ያላሉትን በስማቸው እንዳልናገር ፈራሁ። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር። ያያችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ መጀመሪያ በሩ ነው የተከፈተው፣ ወይስ አባባ ናቸው የተነሡት?