የኔታ «ሁለት ሆነሽብኛል» ያሉኝ ቀን

ትናንት ቡሬ መናኸሪያ የኔታን አየኋቸው... ቀድሜ ያየኋቸው እኔ ነኝ፤ ልደበቅ ሁሉ አስቤ ነበር።

የኔታ ሰከላ ገጠር ውስጥ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንጀታቸው ታጥፎ፣ እኔ ነርስ ሆኜ ወደምሠራበት ሆስፒታል በቃሬዛ አመጧቸው። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፤ ሆዳቸው ግን እሺ አላለም። የቀመሱትን ሁሉ እያስመለሱ ሦስት ሳምንት በግሉኮስ ብቻ ቆዩ። ግሉኮሱን የምሰቅለው እኔ ነበርኩ።

አንድ ጠዋት አልጋቸውን ሳነጥፍ ትኩር ብለው አዩኝና፣

«ልጄ... ዛሬ ሁለት ሆነሽብኛል» አሉኝ።

ቅኔ መሰለኝ። የቅኔ ሰው አይደሉ... ወርቁ ምን ይሆን ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ሐኪሙ ያን ቀን ግምገማ ገብቶ ነበር፤ ሲወጣም አልነገርኩትም። ለሥራ ባልደረቦቼ ግን እንደ ጨዋታ አወራሁላቸው።

በማግስቱ ዓይናቸው ይርገበገብ ጀመር። ደግፈን ብናቆማቸው እግራቸው ከዳቸው። ባለቤታቸውን እትዬ ዘውዴን በሟች እናታቸው ስም ጠሯቸው። ዘመዶቻቸው ድግምት ነው፣ ጸበል እንውሰዳቸው አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሌላ ቦታ የመጣ ሐኪም አያቸውና ቫይታሚን ቢ ዋን ተሰጥቷቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንም አላዘዘም። ምግብ ሳይቀምስ ለከረመ ሰው ግሉኮስ ብቻ ሲሰጡት፣ የቀረችውን ጥቂት ቫይታሚን ጨርሶ አንጎል እንደሚጎዳ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየትም አንዱ ምልክቱ እንደሆነ ያኔ ነው የነገረኝ። መርፌው የት ነበር መሰላችሁ... እዚያው ክፍላችን ቁምሳጥን ውስጥ።

ሲወጉ ዓይናቸው ተመለሰ፤ እግራቸውም ቀስ በቀስ ጸና። አዲስ ነገር በአእምሯቸው መያዝ ግን እንዳቃታቸው ቀረ።

ትናንት መናኸሪያው ውስጥ አብረዋቸው የነበሩት እትዬ ዘውዴ አይተው ጠሩኝ። እንደነገሩኝ፣ ድሮ የሚያውቁትን ቅኔ ዛሬም አንድ ቃል ሳያጎድሉ ይሉታል። አዲስ ልቀኝ ሲሉ ግን ሁለተኛው ቤት ላይ ሳይደርሱ የመጀመሪያው ይጠፋቸዋል። ተማሪዎቻቸውም አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄደዋል።

ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ወደ የኔታ ዞር ብለው፣ ሆስፒታል ያስታመመችዎት ልጅ ናት አሏቸው። የኔታ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

ነገርኳቸው።

«ነፍሴን እንዳተረፍሽ፣ እሱ ነፍስሽን ያትርፍልሽ።»

አውቶቡሱ እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ስሜን ጠየቁኝ፤ ሦስት ጊዜ መረቁኝ። ሦስቱንም ጊዜ አሜን አልኩ።

እውነቱን ብነግራቸው እንኳ ወዲያው ይረሱት ነበር... ያንንም አላደረግሁ።