ከሾፌሩ በር በላይ ያለው ለስላሳ ቦታ

ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። አዋሽ።

ወደ ሰመራ የምሄደው የታናሽ ወንድሜን መኪና ለማጽዳት ነው። ጉዳዩ ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ስለሚችል ምክንያቱን አስቀድሜ እገልጻለሁ። ወንድሜ ተፈራ ዱብቲ ሆስፒታል ታሞ ተኝቶ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለቤቱ አስካለ ሰመራ ብቻዋን ቀርታለች። ደም ግፊት ስላለባት ሐኪሟ ከዚያ ሙቀት እንድትወጣ መክሯታል። እኔ የምኖርበት አዋሽም ቀዝቃዛ አገር አይደለም፤ ከሰመራ ግን ይሻላል፣ ሰውም አለ። ክፍል አዘጋጅቼ ደጋግሜ ብለምናትም መልሷ አንድ ነበር፦ «መኪናው እዚህ ቆሞ እኔ ወዴት እሄዳለሁ?»

ባለፈው ሳምንት ግን ራሷ ደወለች። «ጋሼ፣ እርስዎ መጥተው ያጽዱልኝ። በእሱ ጊዜ እንደነበረው ሆኖ ካየሁት አብሬዎት እመጣለሁ። ጭረት ካወጡበት ግን አልመጣም። እሱም አይወድም።» ሟችን እንደ ሕያው ስትጠራው ሰምቼ ቀን ቆረጥሁላት።

መኪናው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ከፋብሪካ ከወጣ አልተነካም። እንዲህ ያለ ጥቁር ቀለም ትንሿን ጭረት እንኳ ፀሐይ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያሳያል። በሌላ በኩል፣ ቢታጠብም ከቀለም ላይ የማይለቅ ነገር አለ፦ ከጭነት መኪኖች ፍሬን የሚበን የብረት ብናኝ፣ የአስፋልት ሬንጅ፣ ጨው። ይህን የሚያነሣው ሻጮች ክሌይ የሚሉት፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማጽጃ ነው። ቀዩ ሻካራና ፈጣን፣ ሰማያዊው ለስላሳና ዘገምተኛ ነው። ሁለቱም በማንሸራተቻ ፈሳሽ ካልረጠቡ ቀለሙን ይቧጭራሉ።

ትናንት የአዋሹ መለዋወጫ ሻጭ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ለሰመራ አቧራ ቀዩን ነው እንጂ! በሰማያዊው እስከ ፋሲካ ሲሹ ሊከርሙ ነው!» ሁለቱንም ገዛሁ፤ የሚመርጠው ፈተናው ነው። ለማንሸራተቻው የመኪና ሻምፖና ሊትሩን በስድሳ ብር አንድ ጀሪካን፣ ጨው የለውም የሚባለውን የባትሪ ውሃ ያዝሁ።

አዳይቱ

ከገዋኔ ወዲያ አንድ የአቧራ አዙሪት ከመንገዱ ጎን ለጎን አብሮን ሄደ። የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ሰው ለመጫን ሲቆም እርሱም እዚያው ቆሞ ተሽከረከረ፤ ስንነሣ ተነሣ። ሜዳው ሲሞቅ የሚፈጠር የታወቀ ነገር ነው። ሆኖም ወሬኛው ተሳፋሪ ሁሉ አዙሪቱ እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ በዓይኑ ተከተለው።

አጠገቤ የተቀመጡት የአፋር ሽማግሌ አዳይቱ ወራጅ ናቸው። ጀሪካኔን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት።

«ይህን ይዘህ የት ትሄዳለህ?»

«ሰመራ። መኪና ላጸዳ።»

«ከአዋሽ? ውሃ ተሸክመህ? ወላሂ፣ ግመሌ ብታይህ ትስቃለች!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌው ግን ሳቁ ሳይበርድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቱስ?»

«ሞቷል። ወንድሜ ነበር።»

«አላህ ይርሐመው። እንግዲያው ከመንካትህ በፊት ሰላም በለው።»

«መኪናውን?»

«ታዲያ ሌላ ማን አለ?» ብለው ወረዱ።

ሚሌ

ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው። እስኪመጣ ድረስ በያዝሁት ትንሽ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ የቧንቧ ውሃ፣ አጠገቡም አንድ ጠብታ የባትሪ ውሃ አኖርሁ። ሁለቱም ወዲያው ደረቁ። የመጀመሪያው ነጭ ቀለበት ጥሎ ቀረ፤ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነበር። የማንሸራተቻው ጥያቄ በዚህ ተዘጋ፤ በቧንቧ ውሃ ብበጠብጠው ኖሮ ያነሣሁትን ጨው መልሼ እቀባ ነበር።

ከጅቡቲ የተመለሰ የጭነት መኪና ሾፌር ከፊት ለፊቴ ሆኖ ይታዘበኛል። ክሌዩን አንሥቶ አሸተተው።

«ፋዘር፣ ይሄ ማስቲካ ነው?»

«የመኪና ቀለም ማጽጃ ነው። ጭቃ መሰል ነገር።»

ወደ ረዳቱ ዞረ። «ስማ! እኛ ጭቃ ለማስለቀቅ ወገባችን ተቆረጠ፣ እሳቸው ጭቃ ገዝተው ይሄዳሉ!» ከዚያ ወደ እኔ፦ «በናፍጣ ወልውለው ይልቀቁት እባክዎ፤ እንደ መስታወት ያበራል።»

«እስከ ነገ።»

«ታዲያ ከነገ ወዲያ ማን ሊያየው ነው?»

መስታወቱን ጠርጌ ኪሴ ከተትሁ።

ሰመራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ከተማው በዚህ ሰዓት ሰው የሌለበት ይመስላል። የቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ በሙቀቱ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ድምፁ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው እየዘለለ ይከተላል። የአስካለ ቤት የጭነት መኪኖች በሚያልፉበት ጎዳና ዳር ነው። መኪናው ግቢው መካከል ቆሟል፤ ሽፋን የለውም፤ ጣሪያው ከዛገ የብረት ብናኝ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አውጥቷል።

አስካለ በሩን ከፍታልኝ ስትመለስ ግድግዳውን ታክካ ዞረች። አቋራጩ በመኪናው አጠገብ ነው፤ እሷ ግን ዙሪያውን ሄደች። ከበረንዳው ሆና፣ «ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ አልቀረብኩትም፤ ያስፈራኛል ብዬ አይደለም» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

እሑድ

አስካለ ለቅዳሴ ስትወጣ ሥራ ጀመርሁ። ፀሐይ ብረቱን ካጋለችው ፈሳሹ ከእጅ በታች ይደርቃልና ማለዳው ብቻ ነው ያለኝ። ባልዲውን ሳስቀምጥ ምን እንደገፋፋኝ ሳላውቅ፣ «ተፈራ፣ እኔ ነኝ» አልሁ።

ካጠብሁና ካደረቅሁ በኋላ እጄን በስስ ፌስታል ሸፍኜ በቀለሙ ላይ አሳለፍሁ። ፌስታል ባዶ ጣት የማይለየውን ያሳውቃል። ኮፈኑ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ጣሪያው ሻካራ ነው። ከሾፌሩ በር በላይ፣ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ስደርስ ግን እጄ ተንሸራተተ። የአንድ መዳፍ ስፋት ያለው ቦታ ዛሬ እንደተወለወለ ለስላሳ ነው። ከዚያ አልፎ እንደገና ሻካራ።

ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜም ሞከርሁ። ያው ነው። ቦታውን ዐውቀዋለሁ። ተፈራ ሲሰናበት አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ አግብቶ፣ ቀኝ እጁን እዚያ ላይ አሳርፎ ወሬ ይጀምር ነበር፤ ስንብቱ ምሳ ያደርስ ነበር። የእጁ ላብ ያለሰለሰው ነው እንዳልል፣ የሁለት ዓመት የብረት ብናኝ በላዩ ማረፍ ነበረበት። ከላዩ ዛፍ የለም፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ አሸንዳም የለም።

ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። በኋለኛው በር የታችኛ ጠርዝ ላይ ሁለቱን ክሌዮች ፈተንሁ። ቀዩ ብናኙን በአንድ ጊዜ አነሣው፤ ነገር ግን ቀለሙ ላይ እንደ ትንፋሽ ያለ ጭጋግ ጣለ። ሰማያዊው ደጋግሞ መመላለስ ፈለገ፣ ምንም አልጣለም። ሰማያዊውን መረጥሁ። ግማሹ ከእጄ አምልጦ አሸዋው ላይ ወደቀ፤ መሬት የነካ ክሌይ አሸዋ ይሰበስባልና ጣልሁት። በቀረው ጣሪያውንና የሾፌሩን ጎን ጨረስሁ፤ ያ ቦታና ዙሪያው በእጅ የማይለዩ ሆኑ።

አስካለ ስትመለስ እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። «ይህን መኪና የሚነካ ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል? ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ግቢው ከውስጥ ይቆለፋል። ምነው ጋሼ?»

«የእኔ ነገር፤ እንዲያው ነው።»

ያገኘሁትን ብነግራት ከዚህ ቤት እንደማትነቃነቅ ዐውቃለሁ። ስለዚህ አልነገርኋትም።

ሰኞ

ሌሊቱን ከበረሃው ነፋስ ነፍሷል። ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ትናንት ያጸዳሁት ጣሪያ ላይ እንደ ዱቄት የነፋ አቧራ ተነጥፏል። ከሾፌሩ በር በላይ፣ በዚያው ቦታ ግን አቧራ የለም። ጣት አይታይም፣ የእጅ ቅርጽም የለውም፤ ባዶ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ የጧቱን ብርሃን ያንጸባርቃል። ከመኪናው ዙሪያ ያለውን መሬት ተመለከትሁ። ነፋሱ የጣለው ስስ የአሸዋ ሞገድ አልተነካም፤ የእኔ ዱካ ብቻ ከበረንዳው እስከቆምሁበት ይታያል።

ነፋሱ በበረንዳው ማዕዘን ታጥፎ ያን ቦታ ብቻ ሊጠርገው ይችላል። ሊሆን የማይችል አይደለም። ይህን ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርሁ፤ ከዚያም ሁሉንም እንደገና አጥቤ ኮፈኑንና የቀረውን ጎን በሰማያዊው ጨረስሁ።

አስካለ ከበረንዳው ሆና ብዙ አየች። ጭረት ስትፈልግ ዓይኗ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ እከታተላለሁ፤ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ጨርቁን እጠመዝዛለሁ። በመጨረሻ፣ «እሱ ራሱ ነው» አለችና ገባች። ስትወጣ ሻንጣዋን ይዛለች።

ከሎግያ ያስጠራሁት መካኒክ ባትሪ ቀይሮ ሞተሩን አስነሣልን። አስካለ የፊተኛውን በር ከፍቼላት ሳለ ከኋላ ገባች።

«ከፊት አይሻልሽም?»

«ይሁን፤ እዚህ ይበቃኛል።»

እኔ እየነዳሁ ከግቢው ስንወጣ ወደ ኋላ አልዞረችም። ሚሌ እስክንደርስ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መንገዱን አየች፤ ከሚሌ ወዲያ እንቅልፍ ወሰዳት። አዳይቱ ላይ ሽማግሌውን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አልነበሩም።

አዋሽ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ከጉዞው የተማርሁትን ለሚጠቅመው ልጻፍ፦ ለጥቁር ቀለም ለስላሳው ክሌይ ይመረጥ፤ ማንሸራተቻው ጨው በሌለው ውሃ ይበጥበጥ፤ ሁለቱም በማይታይ ጥግ ይፈተኑ። ክሌይ በቀለሙ ላይ ያረፈውን ያነሣል። ከዚህ በላይ ምን እንደሚያነሣና ምን እንደሚተው አላውቅም።

አስካለ ሻንጣዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ሳለች ፌስታሉን እጄ ላይ አጥልቄ መኪናውን ዞርሁት። የመንገዱ አቧራ ከኮፈን እስከ ጣሪያ እኩል ሸፍኖታል።

«ምን አገኙ?» አለችኝ።

«አቧራ። ሁሉም ሻካራ ነው።»

እሷ እንደቆመች በአገጯ ወደ ሾፌሩ በር አመለከተች፤ ከበሩም ትንሽ ከፍ አድርጋ። «እዚያ ጋስ?»

እጄን እዚያ ላይ አሳረፍሁ። «እዚያም።»

ሻንጣዋን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «እንግዲያው እሱ ሰመራ ቀርቷል» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ያን ቦታ ምን እንዳለሰለሰው አልታወቀም። ስለ ቦታው ለአስካለ አንድም ቀን አልነገርኋትም፤ እንዴት እንዳወቀችም አልጠየቅኋትም።